የወናጎዋ ቮልስ፦ የዝገት፣ የፍሬንና የሞተር ፊዚክስ

በአገራችን ጎዳናዎች ላይ ለረጅም ዘመን ከታዩት የቤት መኪናዎች መካከል እንደ ቮልስዋገን ቢትል በሕዝብ ዘንድ የታወቀች ጥቂት ናት። ሕዝቡ ስሟን አሳጥሮ «ቮልስ» ይላታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው ትንሽ መኪና እንደነበረ ብዙዎች ያስታውሳሉ። በፈርዲናንድ ፖርሽ የተነደፈችው ይህች መኪና የመጨረሻዋ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮው የፑየብላ ፋብሪካ እስከወጣች ድረስ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርታለች።

አሮጌ መኪና ማደስ በአሁኑ ጊዜ የትርፍ ሰዓት መዝናኛ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስመጣትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። ከዚህ የተነሣ በየግቢው ጥግ ቆሞ የተረሳው አሮጌ መኪና እንደገና ይታሰብ ጀመር። ተማሪዎቼም ሲጠይቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሞተሯን እንዴት እናሳድገው?» ይላሉ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ከዚያ የሚቀድመውን ጥያቄ ነው። የዛገች መኪና ስትታደስ ሥራው ከየት ይጀመር? መልሱ በቀላል የፊዚክስ ስሌት የሚገኝ ነው። እኔ ግን ያገኘሁት ከስሌቱ በፊት፣ ከወናጎ ወደ ዲላ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው።

በእንሰትና በዋንዛ ጥላ ሥር

ለማሳያ የምወስዳት መኪና የአባቴ ናት። በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ የሲሊንደሮቿ ይዘት 1,285 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ በገበያ ስሟ «1300» የምትባለው ዓይነት ናት። አባቴ ያገለገለች ገዝተው ወደ ወናጎ አመጧት። የቤተሰብ መኪና ትባል እንጂ በቡና መልቀሚያ ወራት የኋላ ወንበሯ እየተነሣ የእሸት ቡና ጆንያ ትጭን ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ለ19 ዓመታት በግቢያችን ጥግ፣ በእንሰትና በዋንዛ ጥላ ሥር ቆመች።

በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ቡናን፣ እንሰትንና ትላልቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ ላይ አጣምሮ የያዘ ነው። ጥላው እርጥበትን ጠብቆ ያቆያል። ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ለቡና የተመቸው ይህ ሁኔታ ለላሜራ ግን የከፋ ነው። መኪናዋን ከቆመችበት ስንጎትት የግራ በኩል የወለሉ ላሜራ ከእንሰቱ ቅጠል ጋር መሬት ላይ ቀረ።

ብረት እንዲዝግ ውኃና ኦክሲጅን በአንድነት ያስፈልጋሉ። ሁለቱ ሲገኙ በላሜራው ገጽ ላይ ጥቃቅን ባትሪዎች ይፈጠራሉ። በአንዱ ነጥብ የብረት አቶሞች ኤሌክትሮን እየለቀቁ ወደ ውኃው ይገባሉ፤ የተለቀቁት ኤሌክትሮኖች በብረቱ ውስጥ ተጉዘው በሌላ ነጥብ ላይ ከኦክሲጅንና ከውኃ ጋር ይዋሐዳሉ። የመጀመሪያው ነጥብ አኖድ፣ ሁለተኛው ካቶድ ይባላል። የሚበላው አኖዱ ነው።

ተማሪን የሚያስገርመው አኖዱ የሚገኝበት ስፍራ ነው። ኦክሲጅን በብዛት የሚደርስበት ቦታ ቀድሞ የሚዝግ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ይህንን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ዩሊክ ኤቫንስ በአንድ የውኃ ጠብታ አሳይቷል። ሙከራው በማንኛውም የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሊሠራ ይችላል። ጥቂት ጨው፣ ፌኖልፍታሊንና ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ የተቀላቀለበት የውኃ ጠብታ በንጹሕ የብረት ገጽ ላይ ይደረጋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አየር በቀላሉ የሚደርሰው የጠብታው ጠርዝ ሮዝ፣ መካከሉ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው ቀለም የሟሟ ብረት ምልክት ነው። ብረቱ የሚበላው ኦክሲጅን ባነሰበት በጠብታው መካከል ነው ማለት ነው።

አሁን ይህንን ጠብታ አሳድገን በፓራፋንጎው ውስጥ እንደተጠቀጠቀ ቀይ የጌዴኦ ጭቃ እናስበው። በጭቃው ሥር እርጥበት አለ፤ አየሩ ግን እምብዛም ነው። በዙሪያው ያለው ባዶ ላሜራ ካቶድ ሲሆን በጭቃው የተሸፈነው አኖድ ይሆናል። መኪና ከውጭ ንጹሕ መስላ ከሥር የምታልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስቱኮም እንደዚሁ ነው። የዛገ ቀዳዳ ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት የተለመደ ነው፤ ስቱኮው ግን ውኃ ስለሚመጥ ከሥሩ የጠብታውን መካከል እንደገና መፍጠር ነው። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በላሜራው ላይ ቢያንሸራትት ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ መሆኑን ያውቃል። ከሻጩ መሐላ ይልቅ ማግኔቱን እመክራለሁ።

በእኛ መኪና ላይ ሁለት ተጨማሪ ምክንያቶች ነበሩ። የመጀመሪያው የፋብሪካው ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው በኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ የሚያመልጠው አሲድ የወለሉን ላሜራ ይበላል። ሁለተኛው የእኛው ነው። ከእሸት ቡና የሚወጣው ፈሳሽ ሲብላላ አሲዳማ ይሆናል፤ ፒኤቹ 4 አካባቢ ይወርዳል። የጆንያው ነጠብጣብ በየመኸሩ በወለሉ ላይ ደርቋል። አባቴ ከቡናው ያገኙትን ገንዘብ መኪናዋ በዝገት ከፍላለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የዛገው ላሜራ መቆረጥ አለበት። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ይዘት ስላለው ድርብርብ ላሜራዎችን እየፈለቀቀ ይሄዳል፤ ስለዚህ በዓይን ከሚታየው ጠርዝ አልፎ ድምቡሽ ብረት እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ ያስፈልጋል። ወለሉ ከመቆረጡ በፊት በሮቹ በሚከፈቱበት ክፍት ቦታ ላይ ብረት በጊዜያዊነት ተበይዶ አካሏ መደገፍ ይኖርበታል። አለዚያ ሥራው ሲያልቅ በሮቹ አይገጥሙም። ብየዳውም አጭር አጭር ሆኖ ቦታ እየቀያየረ ይሠራል። ምክንያቱም አንድ ሜትር ብረት መጠነ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሴልሲየስ ቢጨምር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በአንድ ጊዜ ሙሉውን መስመር የሚበይድ ሰው የሚያገኘው የተጣመመ ወለል ነው። ከብየዳ በፊት የቤንዚን ታንኩ ይውጣ፤ ባዶ ታንክ በውስጡ የቤንዚን ትነትና አየር ስለሚይዝ ከሞላው የበለጠ አደገኛ ነው።

ትናንሾቹን ዕቃዎች በኤሌክትሮሊሲስ አጸዳናቸው። በፕላስቲክ በርሜል ውኃ ውስጥ ጥቂት ሶዳ አሽ ይሟሟል፤ በአብያታ ሐይቅ ሲመረት የቆየው ዓይነት ማለት ነው። የዛገው ዕቃ ከባትሪ መሙያው ኔጌቲቭ ጫፍ፣ ተራ የአርማታ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጫፍ ጋር ይያያዛል። በአንድ ሌሊት ዝገቱ ለቆ በብሩሽ የሚነሣ ጥቁር ዱቄት ይሆናል። ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ ሥራው ከቤት ውጭና ከእሳት ርቆ መሠራት አለበት። በአርማታው ምትክ የማይዝግ ብረት ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ወደ ውኃው ይለቅቃልና።

የተሠራው ስህተት

ከዚህ በኋላ ያደረግነው ነገር ትክክል አልነበረም፤ ስህተቱም የእኔ ነው። ወለሉ ከተበየደ በኋላ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ሄድን። ሞተር ሲነሣ ደስ ይላል። ፒስተኖቹ ወጥተው ታጠቡ፣ ቫልቮቹ ተሞረዱ፣ ካንዴላዎቹ ተቀየሩ። ፍሬኑን በተመለከተ ግን የታምቡሮቹን ዝገት አንሥተን አዲስ የፍሬን ሸራ ከማስገጠም ያለፈ ነገር አላደረግንም። ፔዳሉ ሲረገጥ ጠንካራ ነበር። የፍሬን ዘይቱን ማንም አልነካውም።

መኪናዋ በራሷ ሞተር ከግቢ በወጣችበት ቅዳሜ ሁለት ተማሪዎችን ይዤ ወደ ዲላ ወረድኩ። የሞተሩን ድምፅ እያዳመጥን በአራተኛ ማርሽ እየሄድን በየመታጠፊያው ፍሬን እይዝ ነበር። ወደ መጨረሻው ስንቃረብ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ፤ ቀጥሎ በተረገጠ ጊዜ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለሉን ነካ። ማርሹን ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛ አወረድኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ መኪናዋ በመንገዱ ዳር ባለው የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ጎኗን አስደግፋ ቆመች። ከፊታችን አንድ መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የገበያ ቀን መንገደኞች ነበሩ። ከተማሪዎቹ አንዱ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ፔዳሉን ስረግጠው እንደ ቀድሞው ጠንካራ ሆኖ አገኘሁት። ከዲላ የመጡት አንጋፋ መካኒክ ይህንን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ዶክተር፣ ይህች መኪና እኮ የጎደላት መሄድ አልነበረም» አሉኝ።

የጠፋውና የተመለሰው ፔዳል

ፔዳሉ ተመልሶ መጠንከሩ የምርመራው ቁልፍ ነው። ዘይቱ ፈስሶ ቢሆን ኖሮ ፔዳሉ አይመለስም ነበር። ሲቀዘቅድ የተመለሰ ከሆነ ዘይቱ ፈልቶ፣ ተንኖ፣ እንደገና ወደ ፈሳሽነት ተለውጧል ማለት ነው። ፈሳሽ በግፊት እምብዛም አይታመቅም፤ የእግራችንን ግፊት ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰውም ስለዚህ ነው። ትነት ግን ይታመቃል። በቧንቧው ውስጥ ጥቂት አረፋ ከተፈጠረ የፔዳሉ ጉዞ ሁሉ አረፋውን በመጭመቅ ያልቃል።

ዘይቱ ለምን ፈላ? ስሌቱን እንመልከት። መኪናዋ ሦስት ሰው ጭና መጠነ ቁሷ 1,000 ኪሎ ግራም ነው እንበል። በወናጎና በዲላ መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት 200 ሜትር አድርገን ብንወስድ መኪናዋ ስትወርድ የምታጣው የአቀማመጥ ኢነርጂ 1,000 በ9.8 በ200 ሲባዛ፣ ማለትም 1,960 ኪሎ ጁል ነው። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለመገንዘብ ከእንቅስቃሴ ኢነርጂ ጋር እናወዳድረው። ያችው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ያላት የእንቅስቃሴ ኢነርጂ 247 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መውረድ ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስምንት ጊዜ በተከታታይ ድርቅ ብሎ እንደመቆም ይቆጠራል።

ያ ኢነርጂ የሚሄደው ወደ ታምቡሮቹ ነው። አራቱ ታምቡሮች በአንድነት 25 ኪሎ ግራም ናቸው ብንልና አንድ ኪሎ ግራም ብረትን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.46 ኪሎ ጁል እንደሚያስፈልግ ብናስብ፣ ሙቀቱ ሁሉ በእነርሱ ውስጥ ቢቀር የመጠነ ሙቀታቸው ጭማሪ 170 ዲግሪ ይሆናል። በእርግጥ ነፋሱ ጥቂቱን ይወስዳል፤ የሞተሩም ሰበቃ ይረዳል። በሌላ በኩል የፊት ታምቡሮች ከኋለኞቹ የበለጠ ሥራ ስለሚሠሩ ከአማካዩ በላይ ይግላሉ። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር ውኃ ይስባል። ከክብደቱ ከ4 በመቶ በታች የሆነ ውኃ ብቻ ሲይዝ የመፍያ ነጥቡ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የእኛው በጌዴኦ እርጥበት ውስጥ 19 ዓመት የቆየ ነበር።

የታምቡር ፍሬን ሌላም ድክመት አለው። ታምቡር ሲሞቅ ወደ ውጭ ይለጠጣል፤ ማለትም ከሸራው ይርቃል። ዲያሜትሩ 230 ሚሊ ሜትር የሆነ ታምቡር መጠነ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ቢጨምር ዲያሜትሩ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ይህ ትንሽ ቢመስልም ፔዳሉ ላይ ሲደርስ የሚሰማ ርቀት ነው። ዲስክ ሲሞቅ ግን ውፍረቱ የሚጨምረው ወደሚይዘው ሸራ አቅጣጫ ነው፤ ከዚህም ሌላ ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል።

መኪናዋን ስንፈታ የባሰ ነገር አገኘን። ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው የብረት ቧንቧ በጭቃ ተሸፍኖ በቆየበት ቦታ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ከ1968 ሞዴል በፊት የተሠሩት የዚህ ዓይነት ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ስለሆነ አንድ ቀዳዳ አራቱንም ጎማዎች ያለ ፍሬን ያስቀራል። ፈልቶ የጠፋው ፔዳል በመመለሱ ዕድለኞች ነበርን፤ በቧንቧው በኩል የሚጠፋው አይመለስም ነበር።

ስለዚህ ማሻሻያው ከዚህ ጀመረ። ቧንቧዎቹና ጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ ተቀየሩ። በኋለኞቹ ሞዴሎች ላይ የሚገኘውን ባለ ሁለት መስመር ዋና ፖምፓ አስገባን፤ አሁን የፊቱ መስመር ቢበጠስ የኋላው ይቀራል። የፊት ታምቡሮቹን በ1500ው ሞዴል ላይ በነበረው የዲስክ ዓይነት ተካናቸው። ዕቃውን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለማሰባሰብ አምስት ወር ፈጀብን። የፍሬን ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ይህንን በዳሽቦርዱ ላይ ቀኑን ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

ከዲላ ወደ ቡሌ ደጋ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ የከፍታ ልዩነቱ ከ1,000 ሜትር በላይ መሆኑን ያስተውላል። ስሌቱን ራሱ ይድገመው፤ ወደ 9,800 ኪሎ ጁል ይመጣለታል። የሚገርመው ይህ ኢነርጂ በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ካለው ኢነርጂ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ለፍሬን ግን እጅግ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ዲስክም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ በሁለተኛ ማርሽ ወርዶ ሙቀቱን ለሞተሩ ማካፈል ግድ ነው።

ስድስት ቮልትና የወናጎ ጭጋግ

ቀጥሎ የመጣው መብራት ነው። መኪናዋ የተሠራችው በ6 ቮልት ባትሪ እንድትሠራ ነበር። አባቴ በምሽት ሲነዱ ጭንቅላታቸውን በመስኮት አውጥተው መንገዱን ይፈልጉ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱን ያወቅሁት ግን የኦምን ሕግ ከተማርኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

45 ዋት የሆነ የፊት መብራት በ6 ቮልት ሲሠራ 7.5 አምፔር ይስባል። ያረጁ ሽቦዎች፣ የዛጉ መጋጠሚያዎችና በዝገት በኩል የሚመለሰው የአካሉ መስመር በአንድነት 0.2 ኦም ቢሆኑ በመንገድ የሚጠፋው 1.5 ቮልት ነው። ይህም ከ6 ቮልቱ ሩብ ነው። የክር አምፑል ብርሃን ከቮልቱ ጋር በቀጥታ አይሄድም፤ በግምት የቮልቱ 3.4ኛ ርቢ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ሦስት አራተኛ ቮልት ያገኘ አምፑል የሚሰጠው ብርሃን ከሚገባው 38 በመቶ ብቻ ነው። ይኸው 45 ዋት በ12 ቮልት ሲሆን የሚስበው 3.75 አምፔር፣ የሚጠፋው 0.75 ቮልት፣ ማለትም 6 በመቶ ያህል ነው፤ ብርሃኑ ከ80 በመቶ አይወርድም። በዚያው ሽቦ፣ በዚያው ዝገት ማለት ነው። ባትሪው፣ ዲናሞው፣ አምፑሎቹና የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ተቀየሩ፤ መጋጠሚያዎቹ ተፋቁ። የወናጎ ጭጋግ በመሸ ጊዜ ሲወርድ ልዩነቱ ቁጥር አያስፈልገውም።

በስስ አየር ላይ ያለ ሞተር

በመጨረሻ ወደ ተማሪዎቼ ጥያቄ እንመለስ። 1,285 የነበረውን ይዘት በኋለኛው የ1600 ሞተር፣ ማለትም በ1,584 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር መተካት ይቻላል። ጉልበቱ ከ40 ወደ 50 ያድጋል። እነዚህ ቁጥሮች ግን የተለኩት በቮልፍስቡርግ ዝቅተኛ ምድር ነው። ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በ16 በመቶ ያህል ያንሳል። ሞተሩ በየዙሩ የሚስበው ይዘት አልተለወጠም፤ በይዘቱ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ግን ቀንሷል። ስለዚህ የአባቴ 40 ፈረሶች በወናጎ 34 ያህል ናቸው። ትልቁ ሞተር ቢገባም 42 ይሆናል፤ ወጪው ሁሉ ተደርጎ መኪናዋ በጀርመን ሜዳ የነበራትን ጥቂት አልፋ ታገኛለች ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ ምንም ያህል ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። ካርቡራቶር ቤንዚን የሚስበው በጉሮሮው በሚያልፈው አየር የግፊት መውረድ ነው። የአየሩ ፍሰት በመጠነ ቁስ ሲለካ ከእፍጋቱ ጋር በቀጥታ ይወርዳል፤ የቤንዚኑ ፍሰት ግን የሚወርደው ከእፍጋቱ ዳግም ዘር ጋር ነው። እፍጋቱ 0.84 ሲሆን የአየርና የቤንዚን ውድር 0.92 እጥፍ ይሆናል። በባሕር ወለል 14.7 ለ1 የነበረው ድብልቅ እዚህ 13.5 ለ1 ነው። ቤንዚን በዝቷል። የካንዴላዎቻችን ጫፍ ጥላሸት የለበሰው ለዚህ ነበር።

መፍትሔው ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ መቀነስ ነው። በላይዋ ላይ 125 የሚል ቁጥር ነበረባት፤ 1.25 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ፍሰቱን በ8 በመቶ ለመቀነስ ስፋቱ በ8 በመቶ፣ ዲያሜትሩ ደግሞ በ4 በመቶ ይቀንሳል፤ 120 ማለት ነው። ለውጡን ካደረግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ካንዴላዎቹን ስናወጣ የቡና ቀለም ይዘው አገኘናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህች መኪና ወደ ጅቡቲ ብትወርድ ድብልቁ በቤንዚን ይሳሳል፤ በቤንዚን የሳሳ ድብልቅ ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዝን ሞተር ከመጠን በላይ ያግላል። ቆላ የሚወርድ ሰው የቀድሞዋን ቀዳዳ በኪሱ ይያዝ።

ስለ ማቀዝቀዝ ጥቂት ልጨምር። የቮልስ ማራገቢያ በስስ አየር ውስጥ ሲዞር የሚያንቀሳቅሰው አየር በመጠነ ቁስ 16 በመቶ ያነሰ ነው። ሞተሩም የሚያመነጨው ሙቀት በዚያው መጠን ስለሚያንስ ሁለቱ ይመጣጠናሉ። ሞተሩን ብቻ አሳድጎ ማራገቢያውን የሚተው ሰው ይህንን ሚዛን ያፈርሳል። ፋብሪካው ራሱ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ለትልቁ ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣውን ከሲሊንደሮቹ የአየር መንገድ አውጥቶ ለብቻው አስቀምጦታል። በብዙ ጋራዦች በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን ላሜራዎች «ሥራ የላቸውም» ተብለው ሲጣሉ አይቻለሁ። ሥራቸው የጋለው አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ መከልከል ነው። ካልተመለሱ ሞተር የሚያቃጥሉት እነርሱ ናቸው።

የ1600ውን ሞተር ገዝተነዋል። በፋኩልቲያችን ወርክሾፕ በሣጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። በዚህ ዓመት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ቴርሞኮፕል በፊት ዲስኮቹ ሸራ ላይ አስገጥመው ከወናጎ እስከ ዲላ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየወረዱ መጠነ ሙቀቱን በየአሥር ሴኮንዱ ይመዘግባሉ። ሞተሩ ከሣጥኑ የሚወጣው የዚያ ልኬት ሠንጠረዥ ከተሞላ በኋላ ነው።